ፖድካስቱ ሲሰናበት ዘፈኖቹ ይቆዩ ወይስ ይውረዱ?

ታቦር (ጥያቄውን ያቀረብኩት)

ሰላም ለሁላችሁ። እንደተለመደው ሁላችንም በሰፈራችን ስም እንጻፍ። የሀዋሳው የሙዚቃ ፖድካስታችን በሚቀጥለው ክፍል እንደሚሰናበት ሰምታችኋል። ከሁለቱ አዘጋጆች አንዷ ለትምህርት ከአገር ልትወጣ ነው። ሌላው ሥራና ልጅ ይዞ ብቻውን እንደማይችለው ተናግሯል። በስንብቱ ዕለት እኛ የመረጥናቸው ዘፈኖች ይጫወታሉ። ዝርዝራችንን እየላክን ነው። እስከዚህ ድረስ ማንም አልተጣላም።

ያጨቃጨቀን ከስንብቱ በኋላ ያለው ነው። የቆዩት ክፍሎች በሙሉ ቴሌግራም ላይ አሉ። በየክፍሉ ጨዋታ አለ፤ መሀል መሀል ደግሞ ዘፈኖች ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጫውተዋል። አዘጋጆቹ "ስንሄድ ምን እናድርገው?" ብለው ጠይቀውናል። እንዳለ ይቀመጥ? ወይስ ዘፈኖቹ ተቆርጠው ይውጡና ጨዋታው ከዘፈኖቹ ዝርዝር ጋር ይቅር?

እኔ ይውጡ ባይ ነኝ። ፕሮግራሙ እየተሠራ ሳለ ተጠያቂ ሰው ነበር። አንድ ድምፃዊ "ሥራዬን አንሱልኝ" ቢል የሚመልስለት አለ። ከእንግዲህ ግን መልእክቱን የሚከፍትለት አይኖርም። የሰውን ሥራ ባለቤት በሌለው ቤት ጥሎ መሄድ ልክ አይመስለኝም። ዝርዝሩ ግን በወጉ ይሠራ። የዘፋኙ ስም ብቻ አይበቃም። ገጣሚው፣ የዜማው ደራሲ፣ አቀናባሪው፣ እነማን እንደተጫወቱ፣ መቼ እንደወጣ፣ ሁሉም ይጻፍ።

ፒያሳ (ካሴት ቤት የነበረኝ)

ልጄ፣ በዚህስ አልስማማም። ዘፈኑ ከጠፋ በኋላ ስሙ ቢጻፍ ለማን ሊጠቅም ነው?

ፖድካስቱ ላይ ከሰማችኋቸው ብዙዎቹ ከኔ ካሴቶች የተቀዱ ናቸው። ካሴት ደግሞ ዕድሜ የለውም። ሪባኑ ይሻግታል፣ ይጣበቃል። ሪባኑን ከኋላ የምትደግፈው ትንሿ ስፖንጅ ስትወድቅ ድምፁ ይታፈናል። የተጨማደደ ሪባን በእስክሪብቶ አጠንጥኜ፣ ወደ ሌላ ቀፎ አዛውሬ ያተረፍኩት አለ። ከነዚህ ውስጥ ዩቲዩብ ላይ ብትፈልጉ የማታገኟቸው አሉ። ያሳተሟቸው ሙዚቃ ቤቶች ተዘግተዋል። የት ሄዳችሁ ልታመጧቸው ነው?

ድሮ ደንበኛ ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣ ነበር፣ ባለ 60 ወይም ባለ 90። የሚወዳቸውን ዘፈኖች በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይሰጠኛል። ባለ 90 በአንድ ጎን 45 ደቂቃ ነው። የመጨረሻው ዘፈን መሀል ላይ እንዳይቆረጥ ደቂቃውን እየደመርኩ ነበር የማሰልፋቸው። ሽፋኑ ላይ ዝርዝሩን በእጄ እጽፍለታለሁ። ለፍቅረኛው የሚያስቀዳ ነበር፣ ውጭ አገር ላለ ወንድሙ የሚልክ ነበር። ይሄ ፖድካስት ያንን ሥራ ነው የቀጠለው። ሲዘጋ ሁሉንም ጠራርጋችሁ ልታጠፉት?

አቶቴ (ኪቦርድ ተጫዋች)

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን እኔም የሆድ የሆዴን ልናገር።

እጄ ያለበት ዘፈን በዚህ ፖድካስት ተጫውቷል። የዘፋኙ ስም ተጠራ፣ ተሞገሰ። "መግቢያው እንዴት ያምራል!" ተባለ። መግቢያውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ማን እንደተጫወተው ግን አልተነሳም። ስቱዲዮ ለገባሁበት አንዴ ተከፈለኝ፣ በዚያው አለቀ። ያሠራኝ ሰው ከዚያ በኋላ ስልኬን አላነሳም።

አድናቆት ደስ ይላል። የቤት ኪራይ ግን አይከፍልም። ፋይሉን ቴሌግራም ላይ ያገኘ ሰው ዘፋኙ ራሱ የለቀቀበት ገጽ ድረስ ሄዶ አይሰማም። ለምን ይሄዳል? እኔ ከታቦሯ እህቴ ጋር ነኝ። ይውረዱ።

ኢንዱስትሪ ፓርክ

እኔ ስፌት ላይ ነው የምሠራው። የምሰማው ከፈረቃ ስወጣ ነው። ዋይፋይ ያገኘሁ ዕለት አንድ ክፍል አወርዳለሁ፣ ለዶርም ጓደኞቼ ያለ ዳታ ፋይል በሚያሻግረው በዜንደር እሰጣለሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ እንሰማዋለን። እናንተ ዘፈኖቹን አውጥታችሁ ሊንክ ልትሰጡን ነው። ሊንክ ያለ ዳታ አይሰማም። የኛ ደሞዝ ደግሞ ይታወቃል።

ሙዚቀኛው ይከፈለው፣ ይገባዋል። ግን ዱላው የሚያርፈው ማን ላይ እንደሆነ አትርሱ።

አቶቴ

እህቴ፣ ያልሽው እውነት ነው። ያንቺም የኔም ኪስ ባዶ ነው። በመሀል የሚያተርፈው ሌላ ነው። ቢሆንም ያንቺን የዳታ ወጪ እኔ ልሸፍነው አልችልም።

ዩኒቨርሲቲ ሰፈር (የሕግ ተማሪ)

ሕጉ ምን እንደሚል ላስገባ፣ በጭፍን እንዳንከራከር። ዋናው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ከዚያ በፊት ጉዳዩ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር የሚታየው።

አንድ ዘፈን ስንል ባለመብቱ አንድ ሰው አይደለም። ገጣሚውና የዜማው ደራሲ አሉ። የነሱ መብት ዕድሜ ልካቸውንና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ነው። ዘፋኙና ተጫዋቾቹ በክዋኔያቸው፣ አሳታሚው ደግሞ በተቀረጸው ድምፅ ላይ የራሳቸው መብት አላቸው። ይሄኛው 50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ በ1961 የወጣ ሸክላ ብንወስድ፣ የአሳታሚው ዘመን አልፏል። ግጥሙን የጻፈው ሰው በሕይወት ካለ ግን የሱ መብት እንዳለ ነው። በ1980ዎቹ የወጡት ካሴቶች ደግሞ የአንዳቸውም አላለቀም። የጋሼ ካሴቶች ያሉት እዚህ ውስጥ ነው።

ለራስ ብቻ የሚሆን አንድ ቅጂ መቅዳት ይፈቀዳል። ለሕዝብ መልቀቅ ሌላ ነገር ነው። "ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም" ማለት አያድንም። ምንጩን ተናግሮ በልኩ መጥቀስ ግን ይቻላል። ስለ አንድ መግቢያ እያወሩ መግቢያውን ማሰማት እዚህ ውስጥ የሚገባ ይመስለኛል። ሙሉ ዘፈን ማጫወት ግን ጥቅስ አይባልም።

ሞቢል (ድምፅ ቀራጭ)

30 ሰከንድ ድረስ ይቻላል አይደል እንዴ? እንደዚያ ከሆነ ሁሉንም 30 ሰከንድ አድርጎ መቁረጥ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሰፈር

30 ሰከንድ የሚል ነገር አዋጁ ውስጥ የለም። ሁሉም ሰው ይለዋል፣ የለም። የሚታየው ለምን እንደተጠቀምክበትና ምን ያህሉን እንደወሰድክ ነው።

ፒያሳ

ሕግ ሕግ አላችሁ፣ ይሁን። አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር እኮ ሸክላ የማሳተሙ መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነበር። እሱ በ1961 ደፍሮ ገባበት፣ በድምፃዊው በአለማየሁ እሸቴ ጀመረ። ሕጉን ጠብቆ ቁጭ ቢል ኖሮ ዛሬ ዓለም የሚያዳምጠው ያ ሁሉ ሙዚቃ ከየት ይመጣ ነበር? ኢትዮፒክስ የሚባለው ተከታታይ ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1997 ፈረንሳይ ሲጀምርም የተደገፈው በነዚያ ሸክላዎች ነው። ያስቀመጠ ሰው ስለነበረ ነው የተገኘው።

ታቦር

ጋሼ፣ ጥሩ አነሱት። ግን አምሃ ማንን ነው የደፈረው? የመንግሥትን ሞኖፖል ነው። ዘፋኞቹን አልዘለላቸውም። እሱ ጋ መጥተው፣ ተስማምተው፣ ራሳቸው ዘፍነው ነው የታተመው። ኢትዮፒክስም ቢሆን ከአምሃ ጋር ተስማምቶ ነው ሥራዎቹን የወሰደው። ሁለቱም ጋ መጀመሪያ ሰው ተጠይቋል። እኛ ማንንም አልጠየቅንም።

ደግሞ ማስቀመጥና ማሰራጨትን አንለዋውጣቸው። እርስዎ ካሴቶቹን ማስቀመጥዎ ትልቅ ውለታ ነው። ይሄን ማንም አይክድም። ጥያቄው የተቀመጠው ነገር ያለ ጠያቂ፣ ያለ ከልካይ ይሰራጭ ወይ ነው።

አቶቴ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከአሳታሚው ጋር መስማማትም ሁልጊዜ ለተጫዋቹ ይደርሳል ማለት አይደለም። ሳክስፎን የነፋው፣ ከበሮ የመታው ሰው ስሙ ካልተጻፈ ገንዘብ ቢመጣ እንኳ ለማን ሊሰጥ ነው? ስም መጻፍ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ስሙ የሌለ ሰው ወረፋም የለውም።

አሞራ ገደል

እኔ ደግሞ ከሌላ በኩል ልግባ። ለስንብቱ የላካችሁትን ዝርዝር አየሁት። ግማሹ ትዝታ ነው። ስንብት ስለሆነ አልፈርድም። ባቲ አለ፣ አንድ ሁለት አምባሰል አለ። አንድም በሲዳሙ አፎ የተዘፈነ ግን አላየሁም። የሀዋሳ ፖድካስት ነው፣ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን የሰማነው ነው፣ ሲሰናበት በከተማው ቋንቋ አንድ ዘፈን አይኖረውም? ወላይትኛም የለም። ዛሬ ማታ የኔን እልካለሁ፣ እባካችሁ እናንተም አስቡበት።

ይሄን ያነሳሁት ለክርክሩም ስለሚሆን ነው። አዘጋጆቹ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ ጫምባላላ፣ በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ሄደው ቄጣላውን፣ በሰልፍ የሚዘፈነውን ጭፈራ፣ በራሳቸው መቅረጫ ቀርጸዋል። ያ ክፍል ከማንም ካሴት የተቀዳ አይደለም። አባቶችን አስፈቅደው ነው የቀረጹት፣ እኔም እዚያው ነበርኩ። መጀመሪያ እግር ብቻ ይሰማል፣ የመሬቱ ድምፅ። ከዚያ አንዱ ያወጣል፣ ሰልፉ ይቀበለዋል፣ እየቀረበ ይመጣል፣ መቅረጫውን አልፎ ይሄዳል። በዓሉ በ2008 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ እንዲህ ከሰልፉ መሀል የተያዘ ድምፅ ግን በቀላሉ አይገኝም። "ዘፈን ያለበት ሁሉ ይውረድ" ስትሉ ይሄም አብሮ እንዳይሄድ።

ታቦር

እሱማ ይቆያል! ተፈቅዶ የተቀረጸ ነው። በዝርዝሩም ትክክል ነህ ወንድሜ፣ ላክልን። እኔም አንድ አለኝ።

ሞቢል

ስለ ሥራው ላውራ፣ መቁረጥ መቁረጥ ስትሉ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አዘጋጆቹ ዘፈኑ ሲጀምር እያወሩ ነው የሚገቡት፣ ሲያልቅም ላዩ ላይ ይናገራሉ። ያለቀውን ፋይል ብቻ ይዤ ብቆርጥ ወሬውም ይበላሻል። ድምፃቸውና ዘፈኑ ለየብቻ ያሉበት ዋናው ፋይል ካላቸው ግን በየክፍሉ ብዙ አይፈጅም። መኖሩን አጣሩልኝ፣ ጉልበቱ የኔ ነው።

ለፓርኳ እህታችን አንድ የሚጠቅም ነገር አለ። በሰከንድ በ128 ኪሎቢት የተቀመጠ የአንድ ሰዓት ድምፅ 58 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። ወሬ ብቻ ሲሆን በሞኖ፣ ማለትም በአንድ ቻናል፣ 64 ኪሎቢት ይበቃዋል፣ 29 አካባቢ ይወርዳል። በተረፈው ዳታ የምትወጂውን ዘፈን ዘፋኙ ከለቀቀበት ቦታ መስማት ይቻላል። ሁሉንም አይሆንም፣ የተወሰነውን ግን ይሆናል።

ኢንዱስትሪ ፓርክ

እሱ ይሻላል። ዘፋኝ ራሱ "ይቆይ" ያለውስ? እሱንም ታወርዱታላችሁ?

አዘጋጇ

ሁላችሁንም ሳነብ ነው ያመሸሁት። የመጨረሻው ጥያቄ መውጫውን ያሳየን ይመስለኛል። እንዲህ አስበናል። ስንብቱ ላይ የምናጫውታቸውን ባለሙያዎች የምናገኛቸውን በሙሉ አሁኑኑ እንጠይቃለን። የፈቀደ ሥራው ሙሉውን ይቆያል፣ ያልፈቀደ ይወርዳል። በቆዩት ክፍሎችም እንደዚያው እናደርጋለን። ጉዱማሌ የቀረጽነው እንዳለ ይቀመጣል። ዋናው ፋይል የአብዛኛው ክፍል አለን፣ ለሞቢሉ ልጅ እንሰጠዋለን። ኪቦርድ የተጫወትከው ወንድማችን፣ ዘፈኑን ንገረን፣ በስንብቱ ክፍል ስምህን ጠርተን እንጀምራለን።

ከጋሼ ካሴቶች የተቀዱትን ደግሞ ሙሉ ቅጂያቸውን ዩኒቨርሲቲው ለጥናት ይቀበለን እንደሆነ እንጠይቃለን። ለሕዝብ ሳይለቀቅ እንዲቀመጥ ማለቴ ነው።

ፒያሳ

ልጄ፣ አሁንም አንድ ነገር አልተመለሰም። የማይገኘውስ? ዘፋኙ ሞቷል፣ ቤተሰቡ የት እንደገባ አይታወቅም፣ ሙዚቃ ቤቱ የለም። ማንን ልትጠይቁ ነው? እኔ እነዚህ ይቆዩ ነው የምለው። ሰሚ ሲያገኝ አንድ ቀን ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ይሰማና "የኛ ነው" ብሎ ይመጣል። ካወረዳችሁት ግን በምን ይሰማል?

አቶቴ

ጋሼ፣ ያልተገኘ ሰው ፈቀደ ማለት አይደለም። ግን የመጨረሻው ነጥብዎ ከባድ ነው። ከዘፈኑ አጭር ቁራጭ፣ ከሙሉ ስሙና "ቤተሰቡን የምታውቁ አሳውቁን" ከሚል ጥሪ ጋር ቢቀርስ? ልጁ ድምፁን ለማወቅ ሙሉውን መስማት የለበትም።

ዩኒቨርሲቲ ሰፈር

ጥሪውን የሚቀበል ሰው መኖር አለበት። አለበለዚያ ታቦሯ መጀመሪያ ያለችው ችግር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። እኔ ተመርቄ እስክወጣ ድረስ እቀበላለሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ይያዘው።

ታቦር

ከዚያ በኋላ እኔ እይዘዋለሁ። የዚህ ከተማ ልጅ ነኝ፣ የትም አልሄድም።

ፒያሳ

ቁራጩ አንድ ደቂቃ ይሁን፣ አዝማቹ እንዲገባ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካሴቶቹን ይዤ እመጣለሁ። ሽፋናቸው ላይ የተጫዋቾቹ ስም የተጻፈባቸው አሉ፣ ያልተጻፈባቸውንም ከማን ባንድ ጋር እንደተሠሩ ስሰማ የማውቃቸው አሉ፣ እነግራችኋለሁ። የሞቢሉ ልጅ፣ የቴፑ ቀበቶ ላልቷል፣ ሲያጫውት ድምፁን ይጎትታል። ቀበቶ ፈልገህ ጠብቀኝ።