የስኮትላንድ ጎሳዎች ቅርስ በኖቫ ስኮሺያ፦ በዓሉ ይቅደም ወይስ ቋንቋው?

የክርክሩ ከፋች፦
ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ክርክራችን ከወደ ምሥራቅ ካናዳ ነው። ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ፣ በተለይ ኬፕ ብሬተን ደሴትና አንቲጎኒሽ አካባቢ፣ ከስኮትላንድ ደጋማ አገርና ደሴቶች የመጡ ሰዎች ዘሮች ይኖራሉ። ማክዶናልድ፣ ማክኒል፣ ማክሊዮድ የሚሉት የጎሳ ስሞች ዛሬም በየደጁ አሉ። አንቲጎኒሽ ከ1863 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የሃይላንድ (የደጋው አገር) ጨዋታዎች የሚባለውን በዓል ታስተናግዳለች። ጥያቄው ይሄ ነው፦ ቅርሱን ለማቆየት ያለው ገንዘብና ጉልበት በዓሉ፣ ኪልቱ (ወንዶች የሚለብሱት ጉርድ) እና ባግፓይፑ (ከረጢት ያለው የትንፋሽ መሣሪያ) ላይ ይዋል ወይስ አያቶቻቸው ይዘውት የመጡት ጌሊክ ቋንቋ ላይ? ሁለቱም ማለት አይቻልም፣ አንዱን ምረጡ።

የሃሊፋክሷ፦
ቋንቋው። እዚሁ ኖቫ ስኮሺያ ነው የምኖረው፣ እንዲህ ያለ በዓል ላይ ልጆቼን ይዤ ሄጃለሁ፣ በጣም ደስ ይላል። ጎረምሶቹ ረጅም ግንድ አንስተው ሽቅብ ይወረውራሉ፣ እያንዳንዱ ጎሳ ድንኳኑን ተክሎ የዘር ሐረጉን ይዘረጋል። ግን ስንዞር ውለን በጌሊክ የሚያወራ አንድ ሰው አልሰማንም። ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት በዚህ ክፍለ ሀገር በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይናገሩት ነበር። በ2011 ቆጠራ 1,275 ሰዎች ናቸው የተገኙት። ከእናታቸው አፍ የለመዱት አዛውንቶች ደግሞ እያለቁ ነው። ኪልት መቼም ይሰፋል፣ አዛውንት ግን አይጠብቅም።

የቶሮንቶው፦
እህቴ፣ በዓሉ ባይኖር ልጆችሽ ስለነዚህ ሰዎች ምን ያውቁ ነበር? ሰው በሰዋስው አይጀምርም። መጀመሪያ ከበሮው ይጠራዋል፣ ቀጥሎ ድንኳኑ ውስጥ ስሙን ያየዋል፣ ከዚያ "አያቴ ከየትኛው ደሴት ነው የመጣው?" ይላል። ባግፓይፕንም እንደ ቱሪስት ማባበያ አትዩት፣ ደህና አድርጎ ለመንፋት ዓመታት ይፈጃል። ኬፕ ብሬተን ውስጥ ሴንት አንስ ላይ ከ1938 ጀምሮ ያለው የጌሊክ ኮሌጅ ሙዚቃውንም ዳንሱንም ቋንቋውንም አንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚያስተምረው። በሙዚቃ የገባ ልጅ ቋንቋው ክፍል ለመድረስ ኮሪደር ማቋረጥ ብቻ ነው የሚቀረው።

የታሪክ ተማሪ፦
ቆይ፣ የትኛው ቅርስ ነው የሚጠበቀው የሚለውን ሳናጣራ የት እንሄዳለን? በ1746 ኩሎደን በተባለው ጦርነት የስኮትላንድ ደገኞች ከተሸነፉ በኋላ የብሪታንያ መንግሥት ልብሳቸውን በሕግ ከለከለ፣ ክልከላው የተነሳው በ1782 ነው። ዛሬ "የጎሳዬ ታርታን" (ኪልት የሚሰፋበት ባለ ቀለም መስመር ጨርቅ) የሚባለው አብዛኛው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ ኤድንብራን ሲጎበኝ ደራሲው ዋልተር ስኮት ድግሱን መርቶ መኳንንቱን ታርታን በታርታን አደረጋቸው። በ1842 ደግሞ የስቱዋርት ነገሥታት ዘር ነን ያሉ ሁለት ወንድማማቾች ከጥንት ብራና የተቀዳ ነው ብለው የታርታን መጽሐፍ አሳተሙ። ብራናው የውሸት ነበር፣ ከዚያ መጽሐፍ የወጡ ንድፎች ግን እስከ ዛሬ ይለበሳሉ።

ከልብሱ በላይ የሚከነክነኝ የአለቃው ጉዳይ ነው። በድሮው ሥርዓት የጎሳ አለቃ የወገኖቹ መከታ ነበር። ከኩሎደን በኋላ ቀስ በቀስ ባለርስት ሆነ፣ ወገኑ ደግሞ ጭሰኛ። ኪራይ ናረ፣ በግ ከሰው የበለጠ የሚያተርፍ ሆነ፣ ሰዉ ከመሬቱ ተነሳ። ሄክተር የምትባለው መርከብ በ1773 ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎችን ከስኮትላንድ ሎክ ብሩም ጭና ኖቫ ስኮሺያ ፒክቱ ስትደርስ፣ በመንገድ ላይ በፈንጣጣና በተቅማጥ የሞቱ ሕፃናትን ባሕር ውስጥ ጥላ ነው። ስኮትላንድ ያለችው የባራ ደሴት የማክኒል አለቃ ዕዳ ሲያፍነው ደሴቱን ሸጠ። የገዛው ጎርደን የተባለ ባለሀብት በ1851 ከባራና ከጎረቤቷ ደሴት ከሳውዝ ዩስት ከሺህ በላይ ሰው ወደ ካናዳ አስጫነ። እና የተባረሩት ሰዎች የልጅ ልጆች ድንኳን ተክለው የአለቃውን አርማ ደረታቸው ላይ ሲሰኩ እኔ ያመኛል። ስማቸው ያልተጻፈው ጭሰኞች ዘፈንና ተረት ነው የተዉት፣ እሱም በጌሊክ ነው።

የቶሮንቶው፦
ወንድሜ፣ ከ1822 ወዲህ እኮ ሁለት መቶ ዓመት ሆነ። ካናዳውያን ወታደሮች ኪልት ለብሰው አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ሞተዋል፣ ሰው ሲዳር ለብሶታል፣ ሲቀበርም ለብሶታል። ማን ጀመረው የሚለው ለአንተ ትልቅ ነገር ይሁን፣ አባቱን በዚያ ልብስ ለቀበረ ሰው ግን የውሸት ነው ልትለው አትችልም። አርማውንም ለአለቃው ፍቅር ብሎ የሚያደርገው ጥቂት ነው፤ ዘመዱን ለማግኘት ነው።

ሰባት ቤት ቆጣሪዋ፦
እኔ ከሃሊፋክሷ ጋር ነኝ፣ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ጎሳው ራሱ ያለው ቋንቋው ውስጥ ነው። ኬፕ ብሬተን አንድ መንደር ውስጥ ስንት ማክዶናልድ እንዳለ አስቡት፣ በአባት ስም ብቻ ማንም አይለይም። ስለዚህ በጌሊክ ሰውን የሚጠሩት በአባቱ፣ በአያቱ፣ በቅድመ አያቱ እየሰደሩ ነው። ከእኛ ሰባት ቤት መቁጠር ብዙም አይርቅም። ድንኳን ውስጥ የተሰቀለው ሰንጠረዥ ያን ሁሉ አይነግርህም። የተሸመነውን እርጥብ ሱፍ ጠረጴዛ ላይ እየደበደቡ በቅብብል የሚዘፍኑትም እንዲሁ ነው፣ ቃሉን የማያውቅ ሰው ጨርቅ መምታት ብቻ ነው የሚቀረው።

እንዴት ጠፋ ካላችሁ ደግሞ ትምህርት ቤት በጌሊክ የተናገረ ልጅ ይገረፍ ነበር። በ1890 አንድ ሴናተር ጌሊክን ሦስተኛው የካናዳ የሥራ ቋንቋ ለማድረግ ረቂቅ አቅርቦ 42 ለ 7 ወደቀበት። ወላጆቹም ልጄ ከድንጋይ ከሰሉ ጉድጓድ ወጥቶ ቦስተን ሥራ ያግኝ ብለው እርስ በርስ በጌሊክ እያወሩ ለልጁ በእንግሊዝኛ መለሱለት። በፍቅር ነው ያደረጉት። ቶሮንቶና ዋሽንግተን ያለን የአማርኛ ወላጆችም ይህንኑ እያደረግን ነው፣ እኔ ማታ ማታ ከልጄ ጋር የምታገለው ይህንን ነው።

የሃሊፋክሷ፦
እውነትሽን ነው! ደግሞ የሚሠራ መንገድ አለ። ኖቫ ስኮሺያ ከ2006 ጀምሮ የጌሊክ ጉዳዮች ቢሮ አላት። ቡን ኢስ ባር የሚባል መርሐ ግብር ተማሪውን ከቋንቋው ባለቤት አዛውንት ጋር ያገናኛል፣ ሻይ እያፈሉ፣ እንጨት እየፈለጡ በጌሊክ ብቻ ያወራሉ። መድረክም የድምፅ ማጉያም አይጠይቅም።

አንድ ጥያቄ ያለኝ፦
ለመሆኑ የጎሳው አባል ማነው? ጃማይካ ውስጥ በባርነት ዘመን ስሙን ያገኘ ስንቱ ካምቤል አለ። የአንቲጎኒሽና የኬፕ ብሬተን መሬትም ስኮትላንዶቹ ሳይመጡ የነባሩ የሚክማቅ ሕዝብ አገር ነበር፣ ኬፕ ብሬተንን አሁንም ኡናማኪ ይሉታል። በስም ከሆነ ካምቤሎቹ ድንኳኑ ውስጥ ይግቡ። በደም ከሆነ በሩ ይጠባል። ቋንቋ ግን ማንም ተምሮ ይገባበታል፣ ለኔ ሚዛን የሚደፋው ይሄ ነው።

የቶሮንቶው፦
ብዙዎቹ የጎሳ ማኅበራት እኮ የዘር ማስረጃ አይጠይቁም፣ ስሙ ያለው ወይም ወገንተኝነቱን የገለጸ ይቀላቀላል። ድንኳኑ ክፍት ነው፣ የሚጠራ ሰው ነው የጠፋው።

የታሪክ ተማሪ፦
እንግዲያው ተግባር ላይ እንምጣ። አንቲጎኒሽ ያለው የሴንት ፍራንሲስ ዛቪየር ዩኒቨርሲቲ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከኬፕ ብሬተን አዛውንቶች የተቀዳ ትልቅ የጌሊክ ተረትና ዘፈን ክምችት አለው። ጨዋታዎቹ የሚካሄዱበት ከተማ ማለት ነው። በየጎሳው ድንኳን ከአርማው ጎን ከዚያ ክምችት የዚያ ቤተሰብ ሰው ድምፅ ይሰማ። ከመግቢያ ትኬቱም የተወሰነ ድርሻ ለቡን ኢስ ባር ይመደብ።

የቶሮንቶው፦
በድምፁ መቶ በመቶ እስማማለሁ። ትኬቱ ላይ ግን አይሆንም። በዓሉን የሚያቆመው የበጎ ፈቃደኛ ጉልበት ነው፣ ዝናብ የጣለበት ዓመት ኪሳራውን ማን ይሸፍነዋል?

ሰባት ቤት ቆጣሪዋ፦
ክፍለ ሀገሩ ይሸፍነው። የዚያን ዘመን ትምህርት ቤት ያስተዳደረው እሱ ነው።