ሁለት ሰፊዎች በባንድል ምክንያት ተኳረፉ፤ ሽማግሌ ይግባ ወይስ ማስጠንቀቂያ?

የላይን መሪ (ኮምቦልቻ)
ሰላም ለሁላችሁ። ልብስ ስፌት ላይ 28 ሰው ያለበት ላይን (ሥራው ከአንዱ ሰፊ ወደ ቀጣዩ የሚያልፍበት መስመር) ነው የምመራው። ኦቨርሎክ (ጠርዙን እየከረከመ የሚሰፋው ማሽን) ላይ ያለችው ልጅና ከእሷ ተቀብላ እጅጌ የምትገጥመው ከተኳረፉ ሦስት ሳምንት አለፋቸው። ተቀባይዋ «ጠርዙ የተበላ እየላከችብኝ ታርጌቴ (የሚጠበቅብኝ ቁጥር) ጎደለ» ትላለች፤ ኦቨርሎኳ ደግሞ «ሆን ብላ ነው የምትመልስብኝ» ባይ ናት። አሁን ባንድሉን (አንድ ላይ የታሰረውን የተቆረጠ ጨርቅ) በእጅ መቀባበል ትተው እየወረወሩት ነው። የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው፣ ቤተሰብ ለቤተሰብም ይተዋወቃሉ። የሰፈር ሽማግሌ ይግባበት የሚሉኝ አሉ፣ ማስጠንቀቂያ ጻፊባቸው የሚሉም አሉ። የቱን ላስቀድም?

ኪዩሲ (የጥራት ተቆጣጣሪ)
አብሽሪ እህቴ፣ ከሁለቱም በፊት ልብሱን እዪው። ከአንድ ቀን ሥራ ጠዋት ሁለት፣ ከሰዓት ሦስት ባንድል አንሺ። ባንድሉ 20 ፍሬ ከሆነ 100 ፍሬ ይሆንልሻል። የስፌት ትርፉን (ለስፌት የሚተወውን ጠርዝ) በማስመሪያ ለኪ። ናሙናው 1 ሴንቲ ካለና 7 ሚሊ ወይም ከዚያ በታች ያገኘሽበት ሁሉ የተበላ ነው፤ የተበላበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጊበት።

አሁን ምልክቶቹን ደርድረሽ ተመልከቺ። ሁሉም ፍሬ ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ ማሽኑን ጠርጥሪ፦ ቢላው ደንዞ ጨርቁን እየጎተተ ይሆናል ወይም አቀማመጡ ተዛብቷል። አንዱ ባንድል ንጹሕ ሆኖ ሌላው ሙሉ በሙሉ የተበላ ከሆነ ከቆራጭ ክፍል ነው የመጣው። እዚህም እዚያም ከተበታተነ ግን የእጅ ነው፤ ኩርባው ላይ ስትደርስ ጨርቁን ወደ ቢላው ትገፋዋለች ማለት ነው። ይህን ሳታዪ የምትሰጪው ፍርድ አንዷን ያለጥፋቷ ይነካል፣ ያኔ ጠቡ አንቺም ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ከዚያ የርክክብ ደንብ አውጪ። ተቀባይዋ ከባንድሉ የመጀመሪያውን፣ የመካከሉንና የመጨረሻውን ፍሬ አይታ ከባንድሉ ጋር በሚሄደው ካርድ ላይ ትፈርም። ከሦስቱ አንዱ ከተበላ ባንድሉ በሙሉ ይታያል። ከፈረመች በኋላ መመለስ የለም፤ ሳትፈርም የተመለሰው ደግሞ እንደ እሷ ጉድለት አይቆጠርባት። የብዙ ላይን ኩርፊያ ሥሩ ይኸው ነው፤ በሌላ ሰው ስህተት የራስ ቁጥር ሲጎድል።

ከሰው ኃይል
ኪዩሲ ያለው ልክ ነው፤ እኔ ማነጋገሩ ላይ ልጨምር። መጀመሪያ ለየብቻ፣ ለእያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ፣ ከማሽኑ ራቅ ብላችሁ። ሽፍት ሊያልቅ ሲል አታድርጊው፣ ሰርቪስ እንዳያመልጣት ስትል ያልተስማማችበትን ትስማማለች። «ለምን እንዲህ አደረግሽ?» ካልሽ መከላከል ትጀምራለች። «መቼ? ስንት ባንድል? ምን አልሻት?» በይ። «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ደግሞ ቃል አትግቢ፣ በኋላ መጻፍ ግድ ሊሆንብሽ ይችላል።

ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ። አንዷ አምስት ደቂቃ ሳትቋረጥ ትናገር፤ ሌላዋ የሰማችውን በራሷ አፍ መልሳ ትበል፤ ከዚያ ይቀያየሩ። ስምምነቱን ስትጽፊ ድርጊት ብቻ ጻፊ። «እንከባበራለን» ብሎ ጽፎ የሚቆጣጠረው የለም፤ «ባንድል በእጅ ይሰጣል፣ ካርድ ላይ ይፈረማል» ግን ነገ ጠዋት ይታያል። በ7ኛው ቀንና በ30ኛው ቀን ተመልሰሽ እዪው።

በላይኑ ፊት ይቅርታ አስብለሽ አታዋርጂያቸው። ነገሩ ሳይጣራም አንዷን ወደ ሌላ ላይን አታዛውሪ፤ የተዛወረችው እንደ ተቀጣች ትቆጠራለች።

ስለ ማስጠንቀቂያው፦ ኩርፊያ አምባጓሮ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 በሥራ ቦታ አምባጓሮ ወይም ጠብ ከተነሣ፣ እንደ ጥፋቱ ክብደት፣ ያለ ማስጠንቀቂያ እስከ ማሰናበት ይሄዳል። አሠሪው ጉዳዩን ባወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት ግን መብቱ ይቀራል። ስለዚህ መገፋፋት ከተነሣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያዩትን ሰዎች ያኔውኑ መዝግበሽ አሳውቂ። የኅብረት ስምምነት ካላችሁ የቅጣት ደረጃውን ከእሱ ላይ አንብቢ።

ዘደሴ
ሽምግልናውን አትተዪው፣ ግን ጊዜውን ጠብቂለት። በእኛ በወሎ በሽማግሌ ፊት፣ አበጋር (የአገር አስታራቂ) ይሁን የሰፈር አባት፣ ቡና ተፈልቶና ዱዓ ተደርጎ የተያዘ ዕርቅ ቀላል ነገር አይደለም። ያፈረሰው ሰው ሽማግሌ አሳፈረ ይባላል። እሑድ ታርቀው ሰኞ ያው የተበላ ባንድል ቢመጣ፣ ቅዳሜ የጨርቅ ጠብ የነበረው ሰኞ የቤተሰብ ጠብ ይሆናል። የርክክቡ ደንብ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሠርቶ ይታይ፣ ከዚያ ሽማግሌ ይጠራ።

ሲጠራም ሁለቱም ወደውና ፈቅደው ይሁን፤ ሽማግሌው ለአንዷ ብቻ ዘመድ አይሁን። ቤተሰቦቹ እስላምም ክርስቲያንም ካሉባቸው ከሁለቱም ወገን ሰው ይቀመጥ። የዓርብ ቀትርን ተዪው፣ ጁምዓ ነው፤ ረመዳን ከሆነም ከኢፍጣር በኋላ ይሻላል፣ የጾመ ሰው ከሰዓት ላይ ትዕግሥቱ ያልቃል። ታርጌትና ደመወዝ ለሽማግሌ አይቀርብም፣ የአንቺና የድርጅቱ ጉዳይ ነው። ደግሞም አደራ፣ ከጠቡ ሥር ጾታዊ ትንኮሳ ወይም አለቃ በበታቹ ላይ የፈጸመው በደል ካለ «ለሽማግሌ ብለሽ ተዪው» አይባልም፤ እሱ በጽሑፍ ነው የሚሄደው።

የላይን መሪ (ኮምቦልቻ)
ተባረኩ። ጥፋቱ የቢላው ሆኖ ቢገኝስ? ሦስት ሳምንት ሙሉ የኦቨርሎኳን ልጅ ላይኑ በሙሉ ሲያማት ነበር።

ኪዩሲ
እንግዲያው ሐሜቱ የተሰማበት ቦታ ላይ ይነገር። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር መካኒኩ የወጣውን ቢላ ይዞ፣ አዲሱ የቆረጠውንና አሮጌው የቆረጠውን ሁለት ጠርዝ ጎን ለጎን ለላይኑ ያሳይ። ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ያን ቀን ከሰዓት የተቀባይዋን የጎደለ ቁጥር ከካርዶቹ ላይ ቆጥረሽ አስተካክዪላት፤ ይህ ከዘገየ እሷ ደግሞ በተራዋ ታኮርፋለች።