«ለከፈሉት መሥዋዕትነት» ወይስ «ቤዛችን»? የአንድ ሰሌዳ ጽሑፍ ያስነሣው ክርክር

ቦርከና ማዶ፦
ሰላም የቃል ሰዎች። አንድ የኮምቦልቻ ቅሬ (እድር) ለረጅም ጊዜ በነፃ ላገለገሉ ሰብሳቢ የምስጋና ሰሌዳ ሊያሠራ ነው። ረቂቁ «ለሕዝብ ሲሉ ለከፈሉት መሥዋዕትነት» ይላል። አንዱ አባል «ሰውየው በሕይወት እያሉ?» ብሎ ተቃወመ። ሌላው «ቤዛችን ይባሉ» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «ለራሳቸው ሳይኖሩ» የሚል ይጨመር ባይ ነው። የትኛው ይያዝ?

ጦሳ ሥር፦
ከሥሩ እንነሣ። «መሥዋዕት» የሚቀርበው ነገር ነው፤ «መሥዋዕትነት» ደግሞ መሥዋዕት የመሆን ነገር። ግሡ «ሠዋ» ነው፤ «መሠዊያ»ም ከዚያው ይወጣል። መሥዋዕት ይሠዋል፣ ይቀርባል፤ የሚከፈለው ዋጋ ነው። «መሥዋዕትነት ከፈለ» ሁለቱ አባባሎች ተዳቅለው የወለዱት ነው። ዜናውም ንግግሩም ስለለመደው ስሕተት ነው ብዬ አልሟገትም፤ ሰሌዳ ላይ ግን «ዋጋ ከፈሉ» ወይም «ራሳቸውን ሠዉ» ቢባል ይበልጥ ግልጽ ነው።

ጽሑፍ የሚያሳስተው ሌላም አለ። «ይሠዋል» ሲጻፍ አድራጊና ተደራጊ አይለይም። «ሠ» ላልቶ ሲነበብ ሰውየው ራሱ ሠዊ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የተሠዋው እሱ ነው። «ወታደሩ ለአገሩ ይሠዋል» የሚለውን አንባቢ እንደፈለገው ያነበዋል። «ተሠዋ»ም ማን እንደሠዋው አይናገርም፤ ራሱ ፈቅዶ ይሁን አዛዡ ነድቶት አይታወቅም። ስለዚህ ፈቃዱ ዋና ነገር በሆነበት ቦታ «ራሱን» የምትለዋን አትጣሏት። «ልጆቹን መሥዋዕት አድርጎ ስም አተረፈ» ማለትም አማርኛ ነው፤ ውዳሴ ግን አይደለም።

የላስታ ደብተራ፦
«ቤዛ» ላይ ልግባ። በግዕዝ «ቤዘወ» ማለት ዋጋ ሰጥቶ አስለቀቀ፣ ተቤዠ ነው። ስለዚህ ቤዛ እንዲባል በእሱ ፋንታ የዳነ፣ የተለቀቀ ሌላ ሰው መኖር አለበት። ሞት ግን ግድ አይደለም። ለዚህ ማስረጃው እዚሁ ወሎ ነው። በላሊበላ የገና ዕለት ካህናቱ ቤተ ማርያምን በከበበው ዐለት ላይና ከታች በግቢው ተሰልፈው፣ ከበሮና ጸናጽል ይዘው «ቤዛ ኵሉ ዓለም ዮም ተወልደ» እያሉ ያሸበሽባሉ። «ዛሬ ተወለደ» ነው የሚሉት፤ ገና ያልሞተ ሕፃን ቤዛ ተብሏል። የቅሬው ሰብሳቢ ግን ከምን አስለቀቁ? የተገደሉለት፣ የታሰሩለት ሰው ከሌለ ቃሉ ይከብድባቸዋል።

አዝዋ፦
ሙስሊሙ ወገን «ፊዳ» የሚለው አለ። በመንዙማና በነሺዳ ለነቢዩ «ፊዳ ልሁንልዎ» ሲባል ይሰማል። ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ያው ቤዛ፣ ምትክ ነው። ደብተራው ያሉት «በማን ፋንታ» የሚለው ጥያቄ እዚህም ይሠራል።

ጦሳ ሥር ብዙ ሰው የሚስተውን አንድ ነገር አላነሡትም። መሥዋዕት ሲባል ሁሉም ነገር ጠፍቶ ለአቅራቢው ምንም የማይቀርለት ይመስላል። በአረፋ የሚታረደውን ኡድሂያ ተመልከቱ። በግ ወይም ፍየል ለአንድ ሰው፣ በሬ ለሰባት ይበቃል። ሥጋው እንደ ልማዱ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ሲሶው ለቤት፣ ሲሶው ለዘመድና ለጎረቤት፣ ሲሶው ለድኻ። አራጁ ከመሥዋዕቱ ይበላል፤ ነውርም የለው።

የላስታ ደብተራ፦
ልክ ብለዋል አዝዋ። በኦሪት ዘሌዋውያንም ሁለቱ ተለይተው ነው የተጻፉት። ምዕራፍ 1 ላይ ያለው የሚቃጠል መሥዋዕት ቆዳው ሲቀር እንዳለ ይነዳል። ምዕራፍ 3 ላይ ያለው የደኅንነት መሥዋዕት ግን ስቡ ለመሠዊያው፣ ድርሻው ለካህኑ፣ የቀረው ለአቅራቢው ነው፤ የአበላሉን ሥርዓት ምዕራፍ 7 ይዘረዝራል። «ለራሱ ሳይኖር» የሚለው ሙገሳ ከመጀመሪያው ዓይነት ብቻ የተቀዳ ነው። እኔ አልወደውም።

ቦርከና ማዶ፦
«ሰማዕት»ስ? እሱንም ያነሣ ሰው ነበር።

የላስታ ደብተራ፦
በፍጹም! ሰማዕት ከ«ሰምዐ» ነው፤ ምስክር ማለት ነው። ዐረብኛው «ሸሂድ»ም ከምስክርነት ነው የመጣው። የሰማዕት ቁም ነገሩ የተናገረው ቃል ነው፤ ሞቱ የሚመጣው ቃሉን አልለውጥም በማለቱ ነው። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 አዲስ አበባ ላይ በጣሊያን ጥይት ሲገደሉ አርበኞቹን አውግዙ ተብለው እምቢ ብለው ነው። ለዚህ ነው ሰማዕት የሚለው ስም ልክ የሚመጣላቸው። በድንገተኛ አደጋ የሞተን ሁሉ ሰማዕት ማለት ቃሉን ማርከስ ነው።

ወረኢሉ፦
እንግዲህ ዐፄ ቴዎድሮስን ወዴት ታደርጓቸዋላችሁ? መቅደላ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 በገዛ ሽጉጣቸው። «ራሳቸውን ሠዉ» ብሎ የማይጽፍ ስንት አለ?

ጦሳ ሥር፦
ወረኢሉ፣ ነገር ይወዳሉ! እኔ «እጄን አልሰጥም አሉ» ከሚለው አላልፍም። ለማን ቀረበ? በማን ፋንታ? ብሎ ለጠየቀ መልሱ ቀጭን ነው፤ ክብራቸውን ግን አላስማረኩም። «እጅ መስጠት» እና «ነፍስ መስጠት» በአማርኛ የሚነጻጸሩት እዚህ ላይ ነው።

ወረኢሉ፦
አልተስማማሁም፤ ግን ይቆየን። የተቃራኒው ወገን ቃላት ይነሡ።

አዝዋ፦
እዚያ ላይ ትልቁ ስሕተት «ሆድ አደር»ን ራሱን የሚወድ ሰው ማድረግ ነው። «አደረ» ከ«ለ» ጋር ሲመጣ ማገልገል ነው፤ «ለጌታ ያደረ» እንደሚባለው። ሆድ አደር ጌታው ሆዱ የሆነ ሎሌ ነው፤ ለጥቅም ሲል ወገኑን አሳልፎ ይሰጣል። ለራሱ የኖረ ሰው ግን ማንንም ላይሸጥ ይችላል። «ራስ ወዳድ» በመካከል ነው፤ ስድብነቱ ከሆድ አደር ይለዝባል።

«ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለውን እንደ ምክር የሚጠቅሱ አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሌላው ሰው ጥሎት ሲሄድ የሚወቅስበት ነው፤ «ያው ከራስ በላይ ነፋስ አይደል» ብሎ። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ»ም ሽሙጥ አለባት። በሌላ በኩል «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እና «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» አሉ። ሁለቱም ለውጭ የሚያገለግለውን እንጂ ለራሱ የሚኖረውን አይወቅሱም። ለሌላ መኖርም ልክ እንዳለው ተረቱ ያውቃል።

ወረኢሉ፦
በየቀኑ የምንለውን «እኔን!» ዘለላችሁት። ሕፃን ሲደናቀፍ እናት የምትጮኸው ናት። «ን» ተሳቢ ናት፤ ግሡ ተቆርጧል። «እኔን ይድፋኝ» ማለት ነው፤ መውደቁ ወደ እኔ ይዙር። «አፈር ስሆን»፣ «ልሙትልህ» ከዚያው ወገን ናቸው። መስጠት በምላስ ብቻ ስለሆነ ቃል መግባት አድርጎ የሚወስዳቸው የለም። ይህን ለውጭ አገር ሰው በቀጥታ የተረጎመ ሰው ግን አስደንግጦ ይመለሳል።

«አንተ ትብስ አንቺ ትብሺ»ም አለች። «ባሰ» ነው ግሡ፤ ከእኔ ይልቅ ያንተ ችግር ይበልጣል እየተባባሉ መተሳሰብ። የግድ ሁለት ወገን ይፈልጋል። አንዱ ብቻ «ትብስ» እያለ ሌላው ዝም ብሎ የሚቀበል ከሆነ አባባሉ አይገጥምም፤ ያ መበዝበዝ ነው።

ጦሳ ሥር፦
ይኸው ወደ ቅሬው መለሰን። ቅሬ ውስጥ መዋጮ አለ፣ የቀረ ይቀጣል፣ ነገ ለእኔም ይደረግልኛል። ወንፈልም እንዲሁ ነው፤ አምስት ሰው አንድ ቀን ካጨደልኝ አምስት ቀን ዕዳ አለብኝ፣ ለእያንዳንዱ አንዳንድ። እነዚህን መሥዋዕትነት ማለት አይገባም፤ ብድርና ግዴታ ናቸው። ጅጌ (ደቦ) ሲጠራ ደግሞ ባለቤቱ ያበላል፣ ያጠጣል እንጂ ቀን አይቆጠርበትም። የሰብሳቢው ነገር ከዚህ የሚለየው ሁሉም እኩል ከሚያዋጣው በላይ፣ ብድር ሳይጠብቁ በሰጡት ጊዜ ነው። ሰሌዳው ይህንኑ በስሙ ይጥራው።

ቦርከና ማዶ፦
«ጊዜያቸውንና ጉልበታቸውን ሳይሰስቱ ቅሬያችንን ላገለገሉ» ቢባልስ? «ለራሳቸው ሳይኖሩ» የሚለው ይውጣ። ልጆቻቸውም በምርቃቱ ላይ ይገኛሉ፤ ያንን ሲያነቡ ምን ይሰማቸዋል?

የላስታ ደብተራ፦
ጥሩ ነው። «መሥዋዕት» የሚለው ይግባ ብለው አባላቱ ከጸኑ ግን ለቀራጩ በወረቀት ይጻፉለት፦ ንጉሡ «ሥ»፣ ዐይኑ «ዕ»። «መስዋት» ብሎ ከቀረጸ እብነ በረዱ አይታረምም።