በባቢሌ የዝሆን ዱካ አመዘጋገብ ላይ እርዳታ እጠይቃለሁ

ከባሕር ዳር ሐረርን ለመጎብኘት መጥቼ፣ በባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ለ2 ሳምንት በበጎ ፈቃድ ለማገልገል ተመዝግቤያለሁ፤ ትናንት የመጀመሪያ ቀኔ ነበር። ማለዳ ከስካውቶች (ከመጠለያው ጠባቂዎች) ጋር በኤረር ሸለቆ አሸዋማ የወንዝ ዳር ስንጓዝ፣ ያየነውን ዱካ ሁሉ ለክቼ እንድመዘግብ ደብተርና ሜትር ተሰጠኝ።

የተቸገርሁት እዚህ ላይ ነው። የፊት እግር ዱካ ክብ፣ የኋላው ሞላላ መሆኑን ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን ዝሆን ሲራመድ የኋላ እግሩን ብዙ ጊዜ በፊተኛው ዱካ ላይ ስለሚያሳርፍ፣ ተደራርበው ስንት እንስሳት እንዳለፉ መለየት አቃተኝ። አብሮኝ የነበረው ስካውት በትዕግሥት በኦሮምኛ አስረዳኝ፤ ቋንቋውን ባለመቻሌ ግን የማብራሪያውን እኩሌታ እንኳ አልያዝሁም፤ ይህም እጅግ አሳዝኖኛል። በመጨረሻ 11 ዱካ ብዬ ጻፍሁ፤ ያለፉት 3 ይሁኑ 5 ግን አላውቅም።

ወደ 7000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በሚጠጋ፣ ሰውና ከብት በሰፈረበት መጠለያ ዝሆኖቹን በዐይን አግኝቶ መቁጠር ከባድ ስለሆነ፣ የተሳሳተ መዝገብ ትቼ መሄድ አልፈልግም።

ስለዚህ በዚህ ሥራ የቆያችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የተደራረበ ዱካ ሲያጋጥም የትኛው ጠርዝ እንደሚለካ፣ የግልገሎቹን ዱካ ከእናቶቻቸው ለይቼ እንዴት እንደምጽፍ፣ የዛሬውን ፋንድያ ከትናንቱ በምን እንደምለይ እንድታስረዱኝ በትሕትና እለምናለሁ። የትናንቱንስ ገጽ ልሰርዘው ወይስ አጠራጣሪ ብዬ ልተወው? ነገ ንጋት 11 ሰዓት ላይ እንደገና እንወጣለን።