«ጥንስስ» እና «ድፍድፍ» አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ዜና ላይ «ሴራው የተጠነሰሰው» ሲባል እሰማለሁ፤ ነዳጁን ደግሞ «ድፍድፍ» ይሉታል። ሁለቱም ከጠላ ጠመቃ የመጡ ናቸው። ልዩነታቸው ምንድን ነው? የምታውቁ ብታስረዱኝ።

መልስ፦ በጣም ይለያያሉ። ጥንስስ መጀመሪያው ነው። በወይራ በታጠነ ጋን የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ብቅል ጣል የሚያደርግበት ቤትም አለ። ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ዋናው እህል ገና አልገባም። ሴራ «ተጠነሰሰ» የሚባለውም ነገሩ ተጀምሮ ገና ሳይደርስ ነው፤ ተፈጽሞ ስላበቃ ነገር «እየተጠነሰሰ ነው» ሲባል ስሰማ ያሳዝነኛል።

ድፍድፍ ቀጥሎ ይመጣል። ዱቄቱ በትንሽ ውሃ ይለወስና ምጣድ ላይ ይታመሳል፤ እንኩሮ የሚባለው ይኸው ነው። በደንብ ከበረደ በኋላ ከብቅሉ ጋር ጥንስሱ ላይ ይጨመራል። ትኩሱን ከከተቱት እርሾው ይሞታል፤ ብቅሉም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጥበትን ኃይል ያጣል። ሙያው ያለው ውሃው ላይ ነው፦ እህሉን የሚያርስ ያህል ብቻ ጠብ እያደረጉ፣ ጓጉሉን በእጅ እያፈረሱ፣ ገንፎ እስኪመስል ያሹታል። ውሃ የሚሞላበት በሚገባ ከተብላላ በኋላ ነው። እንግዲህ ድፍድፍ ማለት ወፍራም፣ ያልቀጠነና ያልተጣራ ማለት ነው። ከጉድጓድ እንደወጣ ያለውን ዘይት «ድፍድፍ ነዳጅ» ያሉት ሰዎች ስያሜ አውቀውበታል፤ እንዲህ ያለ ትርጉም ቢበዛልን እንዴት ደስ ባለኝ!

ሌላ መልስ፦ እግዜር ይስጥልኝ። «መብላላት»ንም ልጨምር። ድፍድፉ አረፋ እየደፈቀ ከውስጥ ሲንተከተክ «ተብላላ» ይባላል፤ ነገርን በልብ «ማብላላት» ከዚሁ ጋር አንድ ነው። «በጥባጭ ሳለ ማን ጥሩ ይጠጣል» የሚለውም ተረት እንዲሁ። እዚህ ላይ «ጥሩ» መልካም ብቻ ሳይሆን የጠራ ማለት ነው። አተላው ሲዘቅጥ ላዩ ይጠራል፤ ጋኑን የነቀነቀ ሰው ሁሉንም ጉሽ ያደርገዋል።

ጠያቂ፦ ተባረኩ፣ ገባኝ። ቅራሪስ?

መልስ፦ ዋናው ጠላ ተቀድቶ ሲያልቅ በቀረው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቀጭኑ ነው። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው አተላ ለከብት ይሰጣል።