ማዛቾ ዓሣውን ለምን ጥግ ላይ ሣለው?

ወለተ ጎንደር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጣሊያን አገር ፍሎረንስ ከተማ አንዲት አሮጊት እናት እየተንከባከብኩ ነው የምኖረው። ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍቴ ስለሆነ ከአርኖ ወንዝ ማዶ ወዳለው ሳንታ ማሪያ ዴል ካርሚኔ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የብራንካቺ ጸሎት ቤት ያለው እዚያ ነው። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ማዛቾ በ1420ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሣለው የግብሩ ሥዕል ፊት ቆሜ ብዙ ቆየሁ።

ታሪኩ ማቴዎስ 17 ላይ አለ። የቤተ መቅደሱ ግብር ሰብሳቢዎች ጴጥሮስን «መምህራችሁ አይገብርም ወይ?» አሉት። ጌታም ወደ ባሕር ላከው፤ ከዓሣው አፍም ገንዘቡ ተገኘ።

ሥዕሉ ስድስት ሜትር ገደማ ይረዝማል። መካከሉን ጌታና ሐዋርያቱ ይዘውታል። በስተቀኝ ጴጥሮስ ሲከፍል ጎላ ብሎ ይታያል። ዓሣው ግን ግራ ጫፍ፣ ራቅ ብሎ ነው። ጴጥሮስ ካባውን አውልቆ ውኃው ዳር ቁጢጥ ብሏል። አጠገቤ የነበሩ ጎብኚዎች ሳያዩት አለፉ።

እኔ ደብረ ብርሃን ሥላሴን እያየሁ ነው ያደግሁት። እኛ ጋ ተአምር ሲሣል ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው። ይሄ ሠዓሊ ለምን ሸሸገው? ደግሞ ግብር ሰብሳቢው ጀርባውን ሰጥቶናል። በእኛ ሥዕል ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዐይን ይሣላል። የዚህኛው ጀርባ ያው ነገር ይሆን?

ባለ ቡርሹ፦

እህቴ፣ እኔ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እሠራለሁ። ጥያቄሽን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ስለዚህ ሥዕል ሲያወራ ቤቱና ተራራው እንዴት ጥልቀት እንዳገኙ ብቻ ነው የሚናገረው።

ከጀርባው ልጀምር። ሐዋርያቱ ክብ ሠርተው ቆመዋል። ግብር ሰብሳቢው ክቡ ክፍት በሆነበት፣ በእኛ በኩል ቆሟል። የቆመው እኛ ከቆምንበት ሆኖ ነው። አክሊለ ብርሃን የለውም፤ አጭር ቀሚስ ለብሷል፤ እግሩ ባዶ ነው። በስተቀኝ እንደገና ስታዪው ግን ፊቱ ይታያል፤ የሚገባውን ተቀባይ ተራ ሰው ነው። ክፉ አላደረገውም።

አሁን እጆቹን ተመልከቺ። ጌታ ወደ ውኃው ይጠቁማል። ጴጥሮስም እጁን ወደዚያው ዘርግቷል፤ ፊቱ ግን ተኮሳትሯል። ግብር ሰብሳቢው በተቃራኒው በስተቀኝ ወዳለው ሕንፃ በር ያመለክታል። የሕንፃው መስመሮች ደግሞ ተስበው የሚገናኙት ጌታ ራስ ላይ ነው። ለእኔ ማዛቾ የሣለው ትእዛዙን ነው። ጴጥሮስ ሰምቷል፤ ገና አልሄደም። ይቺን ቅጽበት መሣል ዓሣ ከመሣል በጣም ይከብዳል።

ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ፣ ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ አንድ ግድግዳ ላይ መታየታቸው አንቺን አያስገርምሽም። የእኛም አባቶች አንዱን ቅዱስ እዚያው ሥዕል ላይ ደጋግመው ይሥሉታል።

የአራዳው፦

ጊዜውንም እዩት እንጂ። ፍሎረንስ በ1427 ነዋሪው ሁሉ ንብረቱን አስመዝግቦ ግብር እንዲከፍል ደነገገች። ማዛቾ ራሱም በዚያው ዓመት ሀብትና ዕዳውን አስመዝግቧል። የጸሎት ቤቱ ባለቤት ፌሊቼ ብራንካቺ ደግሞ የሐር ነጋዴ ነበር፤ በ1422 ለከተማዋ መልእክተኛ ሆኖ ግብፅ ደርሷል። ሥዕሉን ከዚህ ግብር ጋር የሚያያይዙ ምሁራን አሉ። ነጋዴዎች በሚያስቀድሱበት ከተማ ክፍያው ጎልቶ ቢሣል ይገርማል?

ሰንበቴ፦

እኔ አልተዋጠልኝም። ተአምር ተአምር ነው። ያልተማረ ሰው ሥዕል አይቶ የሚማርበት ቦታ ላይ ዓሣውን መፈለግ ሊኖርብን አይገባም።

ወለተ ጎንደር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለ ቡርሹ፣ የእጆቹን ነገር ካነበብኩ በኋላ በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ልክ ነህ፤ ጴጥሮስ ተቆጥቷል።

የአራዳው፣ የግብሩ ሕግ ታሪክ ጠቃሚ ነው፤ እኔ ግን ያን ያህል አልሄድም። ጌታ መጀመሪያ ጴጥሮስን ምን ብሎ እንደጠየቀው አስታውሱ። ነገሥታት ግብር የሚቀበሉት ከልጆቻቸው ነው ወይስ ከእንግዶች? ልጆቹ ነፃ ናቸው። እሱ የአባቱ ቤት ግብር አይመለከተውም፤ እንዳያሰናክላቸው ብሎ ከፈለ። ገንዘቡም ለሁለቱ ነው፤ «ስለ እኔና ስለ አንተ» ይላል። የጴጥሮስም ዕዳ አብሮ ተከፍሏል ማለት ነው! ለእኔ ትልቁ ተአምር ይሄ ነው። ክፍያው ጎልቶ መሣሉን አሁን ወድጄዋለሁ።

ሰንበቴ ወንድሜ፣ ስጋትህ ይገባኛል። አንድ ነገር ግን ልጨምርልህ። የመሠዊያው ግድግዳ ላይ መስኮት አለ፤ ሥዕሉ ላይ ያለው ብርሃንም ከዚያው አቅጣጫ ነው የሚመጣው። የሐዋርያቱ ጥላ ወደ ግራ፣ ወደ ውኃው ወገን ይወድቃል። ጥላውን ተከትለህ ብታይ ዓሣ አጥማጁን ጴጥሮስን ታገኘዋለህ።

ለመምጣት ያሰባችሁ፣ መግቢያው በቤተ ክርስቲያኑ ዋና በር አይደለም፤ በጎን በኩል ነው። የሚያስገቡት ሰው ጥቂት ስለሆነ አስቀድማችሁ ቦታ ያዙ።