ቢፒኤስኬ ሮቶ ውስጥ እምቢ አለኝ፤ የምታውቁ አግዙኝ

ሰላም ወገኖች። አራት ኪሎ ነው ያለሁት። የማስተርስ ሥራዬ ውሃ ውስጥ በድምፅ መረጃ የሚያስተላልፍ ሞደም ነው። ሬዲዮ እዚያ ብዙም አይዘልቅማ። ግቢያችን ባለው ሮቶ ውስጥ ሁለት ፒዞ (ኤሌክትሪክን ወደ ድምፅ፣ ድምፅንም ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ቁራጭ) ነክሬ እየሞከርኩ ነው። ካሪየሩ፣ ማለትም መረጃውን የሚሸከመው የድምፅ ሞገድ፣ 25 ኪሎኸርዝ ነው።

ኤፍኤስኬ (ፍሪኩዌንሲ በመቀያየር መረጃ የሚላክበት ዘዴ) አላስቸገረኝም። እያንዳንዱን ምልክት (በአንድ ጊዜ የሚላከውን የመረጃ ቁራጭ) ወደ 20 ሚሊሰከንድ ሳረዝመው ጽሑፉ ሳይዛነፍ ይደርሳል፤ ግን በጣም ቀርፋፋ ነው። ወደ ቢፒኤስኬ (0 እና 1ን ሞገዱን በመገልበጥ የሚለይ ዘዴ) ስቀይር ጉድ ፈላ። ስክሪኑ ላይ ሁለት የነጥብ ክምር ማየት ሲገባኝ የሚታየኝ ክብ ቀለበት ነው። እዚህ ላይ ምልክቱ 1 ሚሊሰከንድ ነው። ድምፅ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1500 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ በዚያ ጊዜ የሚሄደው 1.5 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ከሮቶው ግድግዳ የሚመለሰው ማሚቶ ቀጣዩ ምልክት ላይ እንደሚደረብ ይገባኛል። ያልገባኝ ቀለበቱ ነው፤ ነጥቦቹ እንዲህ የሚዞሩት ፍሪኩዌንሲው ሲሸሽ ነው። ምንም ሳይንቀሳቀስ ዶፕለር (በእንቅስቃሴ የሚመጣ የፍሪኩዌንሲ ለውጥ) ከየት ይመጣል? የሁለቱ ሳውንድ ካርዶች ሰዓት አለመግጠም ይሆን?

አማካሪዬ ደግሞ ኦኤፍዲኤም (መረጃውን በብዙ ንዑስ ካሪየሮች ከፋፍሎ በአንድ ጊዜ የሚልክ ዘዴ) ሞክር ይሉኛል። ማሚቶን እንደሚችል አውቃለሁ። ግን በኋላ ላንጋኖ ላይ ጀልባው በሰከንድ 1.5 ሜትር ቢሄድ ፍሪኩዌንሲው 25 ኸርዝ ይሸሻል። በንዑስ ካሪየሮቼ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 40 ኸርዝ ነው። ንዑስ ካሪየሮቹ እርስ በርስ እንዳይረባበሹ በጣም ያሳስበኛል። በኢኳላይዘር (ማሚቶው ያበላሸውን በሚያስተካክል ማጣሪያ) ቢፒኤስኬን ላድን ወይስ ልተወው?

በእጁ የሠራ ሰው ካለ እባካችሁ። ቀረጻውን እልካለሁ። ፒያሳ ቡና እየጠጣን ላፕቶፑ ላይ ብናየውም ደስ ይለኛል።